ስፍር ሌላ፣ ሚዛን ሌላ

የኬክ አሰራሩ «2 ኩባያ ዱቄት» ይላል፤ እናንተ ጋ ያለው ሚዛን ነው። እንግዲህ ኩባያውን ወደ ግራም መቀየር ሊኖርባችሁ ነው፤ ስህተቱም እዚህ ጋ ይጀምራል።

«አንድ ኩባያ 250 ግራም ነው፣ በቃ»

ለውሃ ያስኬዳል፤ ያውም ኩባያው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነ። በአሜሪካኑ ኩባያ (237 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው) ዱቄት ብትሰፍሩ 120 ወይም 125 ግራም ይወጣዋል። ስኳር 200፣ ዘይት 218 ገደማ፣ ማር ደግሞ 340። ያው አንድ ኩባያ ነው እኮ! ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ቁጥር የለም፤ የየአንዳንዱን ለየብቻ ማወቅ ነው። ወተት ግን ለውሃ ስለሚቀርብ ሚሊ ሊትሩን እንደ ግራም ብትቆጥሩት ኬኩ አይታዘባችሁም።

«ዱቄት እንዴትም ቢሰፈር ያው ነው»

እኔን ያሞኘኝ ይሄኛው ነው። ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ነክሬ፣ ጠቅጠቅ አድርጌ እዝቅና ኬኩ ሲደርቅብኝ ምድጃውን ስወቅስ ከረምኩ። በማንኪያ ቀስ ተብሎ ተጨምሮ፣ አናቱ በቢላ ጀርባ ሲስተካከል 120 ግራም የሚሆነው ኩባያ፣ እንደኔ ከተዛቀ 150 ሊደርስ ይችላል። 3 ኩባያ ላይ 90 ግራም ትርፍ ማለት ነው፤ ሩብ ያህል! ሁለት የመለወጫ ሰንጠረዦች የማይስማሙትም አንዱ የተዛቀውን፣ ሌላው በማንኪያ የተጨመረውን ስለሚመዝን ነው። አሰራሩ ራሱ በግራም ከጻፈ ሰንጠረዡን ተዉትና እሱን ያዙ። ደግሞ «1 ኩባያ የተነፋ ዱቄት» ካለ መጀመሪያ ነፍታችሁ ነው የምትሰፍሩት፤ «1 ኩባያ ዱቄት፣ ተነፍቶ» ካለ ግን ሰፍራችሁ ትነፋላችሁ። ቃል መሰንጠቅ ይመስላል፣ ግን የተነፋ ዱቄት አየር ስለሚገባበት ሚዛኑ ላይ ልዩነቱ ይታያል።

«ኩባያ የትም አገር ኩባያ ነው»

አይደለም። የአውስትራሊያው 250 ሚሊ ሊትር ነው፣ የጃፓኑ 200። የሾርባ ማንኪያ በአብዛኛው 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን አውስትራሊያ ውስጥ 20 ነው። መደርደሪያ ላይ ያለው የሻይ ኩባያማ ጭራሽ መለኪያ አይደለም።

«አውንስ ክብደት ነው»

አንዳንዴ። የፈሳሽ አውንስ የሚባለው ስፍር ነው፣ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፤ የክብደቱ ደግሞ 28 ግራም ገደማ። 12 አውንስ ማር በክብደት ከሆነ 340 ግራም ነው፣ በስፍር ከሆነ ግን 510።

«ሚዛን ከገዛሁ ማንኪያ ምን ያደርግልኛል»

እኔም የሚዛን ሰው ነኝ። ግን በ1 ግራም የሚቆጥር ሚዛን 2 ግራም እርሾ ላይ በቀላሉ ይሳሳታል፤ ቆንጠር እያደረጋችሁ ስትጨምሩማ ቁጥሩ ንቅንቅ ላይል ይችላል። ለእንዲህ ያለው ጥቂት ነገር የሻይ ማንኪያ ይሻላል። ጨው ላይ ብቻ ጠንቀቅ በሉ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ቅርፊት የሚመስለው ጨው በመሃሉ ክፍተት ስለሚበዛ የዚያን ግማሽ ብቻ ሊመዝን ይችላል።