የአዲስ ሞተር ሳይክል ሾክ ቶሎ መድከም ምንድን ነው?

አዲስ የሥራ ሞተር ሳይክል ገና ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይነዳ የፊት ሾኩ ዘይት ማንጠባጠብ ወይም የኋላው ጉድጓድ ላይ መንጠር ሲጀምር አብዛኛው ሰው «ሾኩ ሞተ» ይልና ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሄዳል። በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ብልሽቶች ግን የተለያዩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ከሾኩ ውጭ ያሉ ናቸው። ሞተሩ አዲስ ሲሆን መለየቱ የበለጠ ያስፈልጋል። ዋስትናው ገና አላለቀም፤ ቸኩሎ የተፈታ ሾክ ደግሞ ያንን ዋስትና ሊያሳጣ ይችላል።

ሞላው ይሸከማል፣ ዘይቱ ይይዛል

ሾክ ሁለት ሥራ አለው፤ ሁለቱን የሚሠሩትም የተለያዩ ክፍሎች ናቸው። ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ጎማው እብጠት ሲመታ ሞላው ይታመቃል፤ ወዲያው ተመልሶ ሊዘረጋ ይፈልጋል። ይህን መመለስ የሚያረጋጋው ዘይቱ ነው። ፒስተኑ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እየገፋ ሲያሳልፈው የእንቅስቃሴው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሞተሩም አንዴ ከፍ ብሎ ይረጋል።

ከዚህ የሚወጣው መለያ ቀላል ነው። ዘይት ሲጎድል ወይም ሲቀጥን ሞላው እንዳለ ስለሆነ የሞተሩ ከፍታ አይቀንስም፤ የሚጨምረው መንጠሩ ነው። ሞተሩ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ ጉዳዩ የሞላና የጭነት ነው። ከፍታው ደህና ሆኖ የሚነጥር ከሆነ የዘይት ነው። ከፍታውም መረጋጋቱም ደህና ሆኖ «ኳ» የሚል ድምፅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ መፈለግ ያለበት ከሾኩ ውጭ ነው።

ለመፈተን የፊት ፍሬኑን ይዘው መሪውን በሁለት እጅ በኃይል ወደ ታች ይጫኑና ይልቀቁ። ጤነኛ ሾክ ተመልሶ ይነሣና ይቆማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ዘይቱ ሥራውን እየሠራ አይደለም። የኋላውን በመቀመጫው ጫፍ ላይ ተጭነው በተመሳሳይ መንገድ ይፈትኑ። አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ጠጠር ማለቱ የተለመደ ነው፤ አዲስ ቡሽ (ቱቦው የሚንሸራተትበት ቀለበት) እና አዲስ ኦይል ሲል (ዘይቱን የሚይዘው ጎማ) ሰበቃቸው ከፍተኛ ነው፣ ሲላመዱ ይለሰልሳሉ። መንጠር ግን የመላመድ ምልክት አይደለም።

የፊት ሾክ ዘይት ሲያፈስ

የፊት ሾክ እያንዳንዱ እግር ክሮም የተቀባ ቱቦና ያ ቱቦ የሚገባበት የታችኛው እጅጌ አለው። እጅጌው አፍ ላይ ሁለት ጎማዎች ይደረባሉ፦ ከላይ የሚታየው የአቧራ መከላከያ፣ ከሥሩ ደግሞ ዘይቱን የሚይዘው ኦይል ሲል። ኦይል ሲሉ ከንፈሩን ቱቦው ላይ አጥብቆ ነው የሚሠራው፤ በከንፈሩና በክሮሙ መካከል የገባ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መንገድ ትከፍታለች።

ቱቦው ላይ ስስ እርጥበት ስለታየ ብቻ አፈሰሰ አይባልም። ፋብሪካው ሲገጥም የቀባው ግራሶ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ሊወጣ ይችላል። ቱቦውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው፣ ሞተሩን ጥቂት ነድተው እንደገና ይዩት። በቱቦው ዙሪያ የዘይት ቀለበት ከተመለሰ ወይም ዘይቱ በእጅጌው ላይ ወደ ታች ከወረደ ማፍሰስ ነው። ዲስክ ፍሬን ያለው ሞተር ላይ ይህ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ዘይቱ ወርዶ ዲስኩንና የፍሬን ሸራውን ከነካ የፊት ፍሬኑ ሊከዳ ይችላል፤ ዲስኩ በፍሬን ማጽጃ ይጸዳል፣ ዘይት የጠጣ ሸራ ግን ታጥቦ አይድንም፣ ይለወጣል። እስኪስተካከል ሞተሩ መቆም አለበት።

አዲስ ሲል ቶሎ የሚያፈስበት ዋናው ምክንያት ቆሻሻ ነው። ጭቃ ቱቦው ላይ ደርቆ ሲቀር፣ ወይም በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ የእጥበት ውኃ በቀጥታ የአቧራ መከላከያው ላይ ሲያዝ፣ ደቃቅ አሸዋ ወደ ውስጥ ይገባል። ከሞተሩ ጋር የመጣ ቱቦውን የሚሸፍን የጎማ ልባስ ካለ አውልቆ መጣሉ ለመልክ ቢያምርም ቱቦውን ለጠጠርና ለጭቃ ያጋልጣል።

ሲሉ ራሱ ካልተቀደደ ማጽዳት ብቻ ሊያድነው ይችላል። ቱቦውን በደንብ አጥበው ያድርቁ። የአቧራ መከላከያውን በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ዙሪያውን እያነሡ ወደ ላይ ያንሸራትቱት፤ ካቻቪቴው ክሮሙን መጫር የለበትም። ከዚያ ከቀጭን ፕላስቲክ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጠው በአንድ ጎኑ ትንሽ መንጠቆ ያውጡለት፤ ጠርዙ ለስላሳ ይሁን። መንጠቆውን በቱቦውና በሲሉ መካከል ወደ ታች አስገብተው ቱቦውን አንድ ዙር ይዙሩና ወደ ላይ ያውጡት። ጥቁር ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ጠርገው ሁለት ሦስቴ ይድገሙ፣ የፊት ሾኩን ብዙ ጊዜ ይጫኑ፣ የአቧራ መከላከያውን መልሱ። ብረት በዚህ ቦታ አይገባም፤ የሲሉን ከንፈር ይቆርጣል።

ከጽዳት በኋላም ከፈሰሰ ክሮሙን ይፈትሹ። ጥፍርዎን ቱቦው ላይ ከላይ ወደ ታች እየሳቡ ዙሪያውን ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ነጥብ ካለ ሲል ቢለወጥም ያው ነጥብ አዲሱን ይቀድደዋል። ጥቂት ወጣ ያለ ጠርዝ ብቻ ከሆነ በ1500 ወይም 2000 ቁጥር የውኃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ዘይት አስነክቶ፣ በቱቦው ዙሪያ አግድም እየፈተጉ ማለስለስ ይቻላል። ክሮሙ ተልጦ ዝገት ከጀመረ መፍትሔው ቱቦውን መለወጥ ነው። በዋስትና ላይ ያለ ሞተር ከሆነ ወረቀቱን አይንኩት፤ ነጥቡን ፎቶ አንሥተው ያሳዩ።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይዘለላል፦ የእግሮቹ መጣመም። የፊት ጎማ ወጥቶ ሲገጠም አንድ ክፍተት ጠባቂ ቀለበት ከተረሳ ወይም ቦታው ከተሳተ፣ አክስሉ (የጎማው ዘንግ) ሲጠብቅ ሁለቱን እግሮች ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። ቱቦዎቹ ቀጥ ብለው መውረድ ስለማይችሉ ቡሹንና ሲሉን በአንድ ወገን ይበላሉ፤ ሾኩም ያለ ምክንያት የደረቀ (ጠጠር ያለ) ይመስላል። ማስተካከያው ቀለበቶቹን በቦታቸው መመለስና የአክስሉን ዳዶ ማላላት ነው፤ እግሩ ላይ አክስሉን የሚያንቅ ቡሎን ካለም እንዲሁ ይላላል። የፊት ፍሬኑን ይዘው ሾኩን አምስት ስድስት ጊዜ ይጫኑ፤ እግሮቹ በራሳቸው ቦታ ሲይዙ መጀመሪያ ዳዶውን፣ ቀጥሎ አናቂውን ቡሎን ያጥብቁ።

ሲል መለወጥ ካስፈለገ

ኦይል ሲል በሦስት ቁጥር ይገዛል፤ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ቁመት ናቸው፣ ለምሳሌ 31×43×10.3 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩ ጀርባው ላይ ተጽፏል። በዓይን አመሳስሎ መግዛት ዋጋ የለውም። ሁለቱንም እግር አብረው ይለውጡ፤ ከሥር ላለው ቡሎንም አዲስ የመዳብ ቀለበት ይግዙ፤ አሮጌው ከተመለሰ በዚያ በኩል ያፈሳል።

ሞተሩን የፊት ጎማው እንዲንጠለጠል አድርገው በጠንካራ ነገር ይደግፉ። የፍሬኑን ካሊፐር (ሸራውን የሚይዘውን ክፍል) በሽቦ ያንጠልጥሉት፤ በፍሬን ዘይት ቱቦው መንጠልጠል የለበትም። የእግሩን የላይ መክደኛ እግሩ ከመያዣው ሳይወጣ በፊት ትንሽ ያላሉት፤ ከወጣ በኋላ የሚይዘው ስለሌለ ይቸግራል። ከመክደኛው በታች ያለው ሞላ ታምቆ ነው የተቀመጠው፤ የመጨረሻዎቹ ጥርሶች ላይ በእጅ ካልተጫኑት ፊት ላይ ሊዘል ይችላል። የታችኛው ቡሎን ሲፈታ ከነውስጥ ዘንጉ የሚዞር ከሆነ ሞላውን መልሶ ከቶ እግሩን አምቆ መያዝ ዘንጉን ያቆመዋል። ሲሉን የያዘውን የሽቦ ቀለበት ያውጡና ቱቦና እጅጌውን በአንድ ጊዜ ምንጭቅ እያደረጉ ይለያዩ።

የወጣውን አሮጌ ዘይት ሳይደፉ ይለኩት። ይህ በአዲስ ሞተር ላይ ብዙ ይናገራል። የሁለቱ እግሮች ዘይት በጣም ከተለያየ አንዱ አፍስሷል፤ ምንም ሳያፈስ ከተለያየ ደግሞ ከመጀመሪያውም እኩል አልተሞላም ማለት ነው። ግራጫ ሆኖ የብረት ብልጭታ ያለበት ዘይት የቡሾቹን መላመድ ያሳያል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን የሾክ ዘይት ቀደም ብሎ መለወጥ የሚያዋጣ ጥገና ነው።

አዲሱን ሲል ከመክተት በፊት የቱቦውን ጫፍ በስስ ፕላስቲክ ሸፍነው ዘይት ይቀቡት፤ የተጻፈበት ፊት ወደ ላይ ይሁን። በልኩ በሆነ የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ዙሪያውን እኩል እየመቱ የሽቦው ቀለበት ጎድጎዳ እስኪታይ ያውርዱት። ዘይቱ በመመሪያ መጽሐፉ በተጻፈው ዓይነትና መጠን ይሁን፤ በአነስተኛ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ ባለ 10 ውፍረት የሾክ ዘይት ነው፣ መጠኑም ለአንድ እግር ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ባለው ውስጥ ይውላል። ሞልተው እግሩን አሥር ጊዜ ያህል ይጫኑ፣ አየሩ ይውጣ። ከዚያ ሞላውን ሳያስገቡ፣ እግሩ ሙሉ በሙሉ ታምቆ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ያለውን ርቀት ይለኩ። በሁለቱ እግሮች እኩል መሆን አለበት። ከዘይቱ በላይ የሚቀረው አየር እንደ ሁለተኛ ሞላ ይሠራል፤ ዘይት ሲበዛ አየሩ ጠቦ ሾኩ መጨረሻው ላይ ይደርቃል፣ ሲያንስ ደግሞ ሾኩ እስከ መጨረሻው ታምቆ ይመታል።

የሞተር ዘይት ወይም ከታዘዘው በጣም የወፈረ ዘይት መጨመር የተለመደ «መፍትሔ» ነው፤ ጎጂም ነው። ሾኩ ከአንዱ ጉድጓድ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርሳል፤ በተከታታይ እብጠቶች ላይ እየሰመጠ ሄዶ መጨረሻው ላይ ይቀራል።

የኋላው ሾክና ጭነት

የኋላ ሾክ በአብዛኞቹ የሥራ ሞተሮች ላይ የታሸገ ነው፤ ዘይቱ በዘንጉ በኩል ከወጣ አዲስ ይገዛል፣ ያውም ጥንዱን። ጋዝ የታመቀበትን ሾክ በስቶ ዘይት መሙላትና መበየድ ሰው የሚጎዳ ሥራ ነው፤ መደረግ የለበትም።

ከመለወጡ በፊት ግን ጭነቱ ይፈተሽ። የብዙ አነስተኛ ሞተሮች የጭነት ጣሪያ ከ130 እስከ 150 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህ ነጂውን፣ ተሳፋሪውንና ዕቃውን በአንድ ላይ ይጨምራል። ሁለት ጎልማሶች ብቻ ሊሞሉት ይችላሉ። ከኋላው አክስል አልፎ የታሰረ ዕቃ ደግሞ ከክብደቱ በላይ ይጫናል፤ የፊቱንም ያቀልላል።

ሞላው ለነጂው ተስተካክሎ እንደሆነ በመለካት ይታወቃል። የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሲንጠለጠል ከአክስሉ ቀጥታ ወደ ላይ እስከ አንድ ቋሚ ነጥብ ይለኩ፤ ከዚያ ነጂው እግሩን አንሥቶ ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ያንኑ ይለኩ። 520 ሚሊ ሜትር የነበረው 492 ከሆነ ሞተሩ 28 ሰመጠ ማለት ነው። የኋላ ጎማው ጠቅላላ እንቅስቃሴ 90 ከሆነ 28 ማለት ሲሦ ገደማ ነው፤ ከሩብ እስከ ሲሦ ያለው ጥሩ ነው። ከዚያ ከበለጠ ከሾኩ ሥር ያለውን ባለ ደረጃ ማስተካከያ ወደ ላይ ይዙሩት፤ ሁለት ሾክ ካለው ሁለቱም አንድ ደረጃ ላይ ይሁኑ። ይህ ማስተካከያ ሞላውን አያጠነክረውም፤ ሞተሩን ከፍ ያደርገውና ለእብጠቱ የሚቀረውን ቦታ ይመልሳል። የመጨረሻው ደረጃ ላይም ከሲሦ በላይ የሚሰምጥ ከሆነ ጭነቱ ይቀነሳል ወይም ለዚያ ክብደት የተሠራ ሞላ ይገጠማል።

ሾክ የሚመስሉ ሌሎች ብልሽቶች

ከመጠን በላይ የጠበቀ ካቴና የኋላውን ሾክ ያደርቀዋል። ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ ካቴናው ይወጠራል፤ መላላት ካልተወለት ሾኩን መሃል ላይ ያቆመዋል። ብዙ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መላላት ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛው ልክ በካቴና መሸፈኛው ወይም በመመሪያው ላይ አለ። ከመጀመሪያ ሰርቪስ በኋላ የጀመረ መድረቅ ሲኖር መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው፤ ቀጥሎም የጎማው ነፋስ።

ፊት ለፊት ለሚሰማ «ኳ» የመሪ ኩሽኔታውን ይፈትሹ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተው የሾኩን እግሮች ከታች ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዙ። መላላቱ መሪው አንገት ላይ ከተሰማ ኩሽኔታው ነው፤ አዲስ ሞተር ላይ ኩሽኔታው ቦታውን ሲይዝ ይላላል፣ በመጀመሪያው ሰርቪስ መጥበቅ አለበት። መላላቱ በቱቦውና በእጅጌው መካከል ከተሰማ ቡሹ ነው። የኋላ ጎማውን ደግሞ ወደ ግራና ቀኝ ይግፉት፤ ጎማውን የሚይዘው ክንድ ከነቡሹ ከተንቀሳቀሰ ሾኩ አይወቀስም። የሾኩ የላይና የታች ቡሎኖች መጥበቃቸውም ይታያል።

ወደ ሻጩ ሲሄዱ

ሞተሩ በዋስትና ላይ ከሆነ ምንም ሳይፈቱ በፊት ዘይቱን ከነቆጣሪው ንባብ ፎቶ ያንሡ፤ ያዩበትን ቀን ይጻፉ፤ ቅሬታውን በጽሑፍ ያስገቡና ቅጂ ይያዙ። ዋስትናው ኦይል ሲልን በሚያልቅ ዕቃነት ለይቶ አጭር ጊዜ ሊሰጠው ስለሚችል የዋስትናውን ወረቀት ቀድመው ያንብቡ። የመጀመሪያው ሰርቪስ መመዝገቡን ያረጋግጡ። ሲል ብቻ ለውጠው ከመለሱልዎ ቱቦው በጥፍር ተዳስሶ እንደሆነ፣ ዘይቱ ስንት እንደተሞላና እግሮቹ መስተካከላቸውን ይጠይቁ። ከተረከቡ በኋላ ቱቦውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ እንደገና ያዩታል፤ ቀለበቱ ከተመለሰ በዚያው ሳምንት ይመልሱት።