ሐኪም ቤት «ብሔር?» ሲባሉ

ሐዋሳ ውስጥ ካርድ ክፍል ስምና ቀበሌ ሲጠየቅ ማንም አይከፋውም። «ብሔር?» ሲባል ግን ብዙው ሰው ፊቱ ይለዋወጣል። ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ይሰማላ! አይፈረድበትም። ድሮ ብሔር የቀበሌ መታወቂያ ላይ ይጻፍ ነበር፤ አሁን ያለው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ግን ጭራሽ አይጠይቅም።

ሐኪሙ ውስጥ ሲጠይቅ ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ኮዴይንን እንውሰድ። ይህን የሕመም ማስታገሻ ጉበት ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። አንዳንድ ሰው ላይ ቅየራው እጅግ ይፈጥናል፤ እንቅልፍ ይጥላል፣ ትንፋሽም ያዳክማል። ይህ ተፈጥሮ ኢትዮጵያውያን ላይ ከአውሮፓውያን ይልቅ በብዛት ይታያል። ሐኪሙ ለመጠንቀቅ ታዲያ ኢትዮጵያዊ መሆንዎ ይበቃዋል፤ ሲዳማ ይሁኑ ወላይታ ምን ይጨምርለታል?

የወባ መድኃኒቱ ፕሪማኪንም አንዳንዱን ሰው ቀይ የደም ሴሉን ያፈርስበታል። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ ነው። «ከቤተሰብ መድኃኒት ያልተስማማው አለ?» የሚለው ጥያቄም ከብሔር የተሻለ ይረዳል። አሜሪካኖቹም የኩላሊት አቅም ከሚለኩበት ቀመር ዘርን በ2021 እ.ኤ.አ. አውጥተውታል።

ስለዚህ ሲጠየቁ «ለሕክምናዬ ምን ይጠቅማል?» ይበሉ፤ ነውር የለውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የብሔር መረጃን እንደ ጤና መረጃ ሁሉ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። መስኮቱ ላይ ጮክ ብሎ መመለስ ካልፈለጉ፣ «ውስጥ ለሐኪሙ እነግራለሁ» ማለት ይችላሉ።