ቢፕ ምንድን ነው? ጸያፍ ቃልን ስለሚሸፍነው ድምፅ

ዘፈን ከፍታችሁ እየሰማችሁ ነው። ግጥሙ ጥሩ እየፈሰሰ ሳለ ድንገት "ቲይይት" የሚል ድምፅ ጣልቃ ይገባል። ወይም የዘፋኙ ድምፅ ለግማሽ ሰከንድ ጭጭ ይልና ይመለሳል። አንድ ቃል ተወስዷል ማለት ነው። ግን የእውነት ተወስዷል? እኔ አይመስለኝም። ለምን እንደዚያ እንደምል ከመናገሬ በፊት፣ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቢፕ ማለት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ጸያፍ ቃልን ለመሸፈን የሚደረብ ወጥ ድምፅ ነው። ብዙውን ጊዜ 1000 ሄርዝ ነው፤ በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚርገበገብ ማለት ነው። ይህ ድምፅ ለስድብ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። የስርጭት ባለሙያዎች መስመራቸውንና መሣሪያቸውን የሚፈትሹትም በእሱ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ባለቀለም መስመሮች ቆመው አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ ሲጮህ ሰምታችሁ ከሆነ፣ እሱ ነው።

ቃልን ለመሸፈን ሌላም መንገድ አለ። ድምፁን ማጥፋት ይቻላል። ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ ማጫወትም ይቻላል፤ ያኔ ትርጉም የሌለው ጉርምርምታ ይሆናል። ሂፕ ሆፕ ላይ ዲጄ ሸክላ ሲፈትግ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይደረብበታል፤ እሱ ከሙዚቃው ጋር ስለሚሄድ ጆሮን ብዙ አይጎረብጥም። ዘፋኙ ራሱ ስቱዲዮ ተመልሶ መስመሩን በሌላ ቃል የሚዘፍንበት ጊዜም አለ። እንዲህ የተስተካከለው ቅጂ ሬዲዮ ኤዲት ወይም ክሊን ቨርዥን ይባላል።

የተቀዳ ሙዚቃን ማረም ቀላል ነው። ጭንቁ ያለው ቀጥታ ስርጭት ላይ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ደዋዩ መስመር ላይ ገብቶ ያሻውን ከተናገረ በኋላ ማን ይመልሰዋል? አሜሪካ ውስጥ ሬዲዮ ጣቢያዎች በ1950ዎቹ አድማጭን በስልክ ማስገባት ሲጀምሩ መላ አበጁለት። ንግግሩ ቴፕ ላይ ይቀዳል። ቴፑ ትንሽ መንገድ ሄዶ ማጫወቻው ጋ ሲደርስ ነው ድምፁ አየር ላይ የሚወጣው። ያ ጉዞ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፤ ባለሙያው በዚያች ጊዜ ውስጥ ያቋርጠዋል። የሰባት ሰከንድ መዘግየት የሚባለው ይሄ ነው።

ዛሬ የቴፑን ሥራ ኮምፒውተር ይሠራዋል። ቁልፉ ሲጫን የተጠራቀሙት ሰከንዶች ይጣሉና ስርጭቱ ወደ አሁኑ ቅጽበት ይዘላል። ከዚያ መሣሪያው ንግግሩን በጥቂት በጥቂቱ እየለጠጠ የጣለውን ጊዜ መልሶ ያጠራቅማል። አድማጩ ልብም አይለው። ከዚህ ሁሉ ቴክኒክ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

መዘግየት በሌለበት ምን እንደሚሆን ለንደን ውስጥ ዲሴምበር 1 ቀን 1976 ታይቷል። ኩዊን የተባለው ባንድ ከአንድ የቀጥታ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ስለቀረ፣ በምትኩ ሴክስ ፒስቶልስ የሚባሉ ወጣቶች መጡ። ሰዓቱ ገና ምሽት መግቢያ ነው፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያይበት። አቅራቢው ቢል ግረንዲ ልጆቹን "እስቲ ሌላ በሉ" እያለ ገፋፋቸው። እነሱም ጸያፉን ቃል አሉ። በማግስቱ ጋዜጣው ሁሉ ስለዚሁ አወራ። አቅራቢው ለጊዜው ታገደ፤ የባንዱ ስም ግን በአንድ ሌሊት አገር አዳረሰ።

ሕጉስ ምን ይላል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቃሉ ራሱ በጠቅላላው የተከለከለ ይመስለዋል። በብዙ ቦታ ግን የሚከለከለው ሰዓቱ ነው።

አሜሪካን እንይ። በ1973 አንድ የኒው ዮርክ ሬዲዮ ጣቢያ የኮሜዲያኑን የጆርጅ ካርሊንን ንግግር ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ አስተላለፈ። ንግግሩ አየር ላይ ስለማይባሉ ጸያፍ ቃላት ነው፤ ቃላቱንም ደጋግሞ ይጠራቸዋል። ልጁን ይዞ መኪና ይነዳ የነበረ አንድ አባት ሰምቶ አቤት አለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1978 በ5 ለ 4 ድምፅ ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ ይህን ነው፦ ሬዲዮ ሳይጠራ ቤት ድረስ ይገባል፣ ማንበብ የማይችል ሕፃንም ይሰማዋል፤ ስለዚህ ከመጽሐፍ ይልቅ ጠበቅ ያለ ደንብ ሊወጣለት ይችላል። ከብዙ ክርክር በኋላ እዚያ የጸናው ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። በዚያ መካከል ጣቢያዎች ሰፋ ያለ ነፃነት አላቸው። ብሪታንያም ለቴሌቪዥን ተመሳሳይ መስመር አላት፤ የእሷ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል።

እኔ ይህን ሐሳብ እደግፈዋለሁ። የሚጠይቀው "ቃሉ ቆሻሻ ነው ወይ?" ብሎ አይደለም። "የሚሰማው ሰው መርጦ ነው ወይ የሚሰማው?" ብሎ ነው። መኪና ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ አልመረጠም። አልበም ገዝቶ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ጎልማሳ መርጧል።

ሙዚቃ ላይ ክርክሩ የተቀጣጠለው በ1985 ነው። የኋላው ምክትል ፕሬዚዳንት የአል ጎር ባለቤት ቲፐር ጎር ለልጇ በገዛችው የፕሪንስ አልበም ውስጥ የሰማችው ግጥም አስደነገጣት። ከሌሎች የፖለቲከኛ ባለቤቶች ጋር ሆና ማኅበር አቋቋመች። በሴፕቴምበር ጉዳዩ የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀረበ። ፍራንክ ዛፓ፣ ዲ ስናይደርና ጆን ዴንቨር መጥተው ተከራከሩ። ብዙዎች ለስላሳው ዘፋኝ ዴንቨር ከእናቶቹ ጋር ይቆማል ብለው ነበር። እሱ ግን ተቃወመ። የራሱን ዘፈን ጠቀሰ፤ ስለ ተራራና ስለ ከዋክብት የዘፈነውን አንዳንድ ጣቢያዎች ስለ አደንዛዥ ዕፅ መስሏቸው አግደውበት ነበር። ለእኔ የዚያን ቀን ትልቁ ምስክርነት ይህ ነው። የሚያግድ ሰው የሚያግደው የሰማውን ሳይሆን የመሰለውን ሊሆን ይችላል።

ውጤቱ አልበም ላይ የሚለጠፈው የወላጆች ማስጠንቀቂያ ነው። ጥቁርና ነጩ ወጥ ምልክት በ1990 መጣ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ቃሉን አይነካም፣ ሰውን ግን ያስጠነቅቃል። ሆኖም አንድ ነገር አስከተለ። እንደ ዎልማርት ያሉ ትልልቅ መደብሮች ምልክቱ ያለበትን አልበም አንሸጥም አሉ። ስለዚህ ለመሸጥ ሲባል ንጹሕ ቅጂ ማዘጋጀት የተለመደ ሆነ። ሕግ ያላስገደደውን ገበያው አስገደደ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ።

ሪቻርድ ዋረን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970 አንድ ሙከራ አሳተመ። ከተቀዳ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የአንዲት ፊደል ድምፅ ቆርጦ አወጣ፤ በቦታዋ ሳል ወይም ወጥ ድምፅ አስገባ። አድማጮች የተቆረጠችውን ድምፅ ሰማን አሉ። አእምሯቸው ሞልቶላቸዋል። ክፍተቱ በዝምታ ብቻ ሲተው ግን ጉድለቱ ታወቃቸው። እንግዲህ አስቡት። ቢፕ አንዳንድ ጊዜ የቃሉን መጀመሪያና መጨረሻ ትቶ መሐሉን ነው የሚሸፍነው። ጫፍና ጫፉ ከተሰጠው አእምሮ መሐሉን ለመሙላት ምን ይቸግረዋል?

ከዚህም የባሰ አለ። አሜሪካ ውስጥ የምሽት የቴሌቪዥን ኮሜዲ አዘጋጆች የፖለቲከኞችን ጨዋ ንግግር ወስደው፣ ምንም ነውር የሌለበት ቃል ላይ ቢፕ ያስገባሉ። ንግግሩ ወዲያው ብልግና ይመስላል። ሰውየው አንዳች ክፉ ቃል አልተናገረም። ብልግናውን ያመጣው ቢፑ ነው። ሰምና ወርቅ ያደገበት ጆሮ ይህን በደንብ ይረዳዋል፤ አንድ ነገር ተሸፈነ ከተባለ ከስሩ ፍለጋ ይጀመራል።

ፍለጋው የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት የፈለገ ኪንግስመን የተባለውን የአሜሪካ ባንድ "ሉዊ ሉዊ" ያስታውስ። በ1963 የተቀዳ ዘፈን ነው። ዘፋኙ የሚለው በደንብ አይሰማም። ባለመሰማቱ ወጣቱ ሁሉ የብልግና ግጥም ፈጠረለት። ወላጆች ተቆጡ፣ ኤፍቢአይ ምርመራ ከፈተ። ሸክላውን በተለያየ ፍጥነት ሲያጫውቱ ከረሙ፤ በመጨረሻ በየትኛውም ፍጥነት አይገባም ብለው ዘጉት። ግጥሙ የአንድ መርከበኛ የፍቅር ናፍቆት ነበር።

የእህቴ ልጅም ያስተማረችኝ ይሄንኑ ነው። አብረን ሙዚቃ ስንሰማ አንድም ጸያፍ ቃል ጆሮዋን ስቦት አያውቅም። ቢፕ ሲል ግን ዞር ትላለች። "ምን ነበር ያለው?" ከመቶ ቃል መካከል የጠየቀችኝ አንዱን ነው፤ እንዳትሰማው የተደከመለትን።

ቃሉ ጉልበት የሚያገኘውም ከመከልከሉ ይመስለኛል። ብሪታንያ ውስጥ ኪል ዩኒቨርሲቲ በ2009 የወጣ ጥናት አለ። ሰዎች እጃቸውን በረዷማ ውኃ ውስጥ ሲከቱ፣ ጸያፍ ቃል እየደጋገሙ ረዘም ላለ ጊዜ ቻሉ። በ2011 በተከተለው ጥናት ደግሞ፣ በየቀኑ ጸያፍ ቃል አብዝተው የሚናገሩት ያገኙት ጥቅም አነስተኛ ሆነ። ቃሉ ሲለመድ ይደክማል ማለት ነው። ቢፕ እንግዲህ ቃሉ እንዳይለመድ፣ እንደ አዲስ እንደሳለ እንዲቆይ ያደርገዋል።

ታዲያ ሁሉም ነገር እንደወረደ ይተላለፍ? አይደለም። እዚህ ላይ አማርኛችን ይረዳናል። ብልግና እና ስድብ ለእኛ አንድ አይደሉም። ብልግና በአደባባይ የማይባል ነገር ነው፤ የሚነካው ሰው ላይኖር ይችላል። ስድብ ግን ተሰዳቢ አለው። ሰውን በዘሩ፣ በቆዳው ቀለም፣ በአካል ጉዳቱ የሚያዋርድ ቃል ከሁሉም ይከፋል። ቢፕ ይህን አይለይም። እግሩን ድንጋይ መትቶት የሚጮህንም፣ ሌላውን ሰው ከሰው ተራ የሚያወጣንም እኩል "ቲይይት" ይላቸዋል። እኔን ከልብ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድም ጸያፍ ቃል ሳይዝ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ያለ ቢፕ ያልፋል።

እሱም ቢሆን ታዲያ ቀላል ፍርድ የለውም። ዳየር ስትሬትስ የተባለው የብሪታንያ ባንድ በ1985 ባወጣው "መኒ ፎር ናቲንግ" ውስጥ እንዲህ ያለ የሚያዋርድ ቃል አለ። ቃሉን የሚናገረው ግን በዘፈኑ ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ ነው፤ በዘፋኞች ሀብት የሚቀና የዕቃ መደብር ሠራተኛ። በ2011 መጀመሪያ የካናዳ የስርጭት ደረጃዎች ምክር ቤት ዘፈኑ ሳይታረም አይተላለፍ አለ። ብዙ ተቃውሞ ተነሣ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ እንደገና አይቶት ውሳኔውን ለየጣቢያው ተወው። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ቃሉ የሚያቆስለው ሰው ገጸ ባሕርይ ነው የተናገረው ስለተባለ ቁስሉ አይሽርለትም። ደራሲም የክፉ ሰውን አፍ ሳያሳይ ክፋቱን ማሳየት አይችልም። እኔ ብሆን ዘፈኑን ሙሉውን፣ አስቀድሞ በቃል አስጠንቅቄ፣ ማታ አስተላልፈው ነበር። ቀን ላይ ሌላ ዘፈን ሞልቷል።

ቀን ላይ የግድ መጫወት ያለበት ዘፈን ከሆነ፣ ጣቢያዎች ከዘፋኙ የራሱን ሌላ ቅጂ ይጠይቁ። ሲሎ ግሪን በ2010 እንደዚያ አድርጓል። የዘፈኑን ርዕስ ሳይቀር በሌላ ቃል ቀይሮ ራሱ ዘፈነው፤ ያም ቅጂ በሬዲዮ ተወዳጅ ሆነ። ይህ ካልተገኘ የዘፋኙን ድምፅ ብቻ ቀንሰው ሙዚቃው ከስሩ እንዲቀጥል ያድርጉት። ቤት ውስጥ ደግሞ የሙዚቃ መተግበሪያችሁን ቅንብር ከፍታችሁ እዩ። ከዘፈኑ ስም አጠገብ ኢ (E) የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል ካለች፣ ጸያፍ ቃል አለበት ማለት ነው። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች እንዲህ ያሉትን ዘፈኖች በአንድ ቁልፍ ማጥፋት ያስችላሉ። ያኔ ዘፈኑ ጭራሽ አይጫወትም፤ የእህቴ ልጅም ዞር ብላ የምትጠይቀኝ ነገር አይኖርም።