«ኮድ አልችልም፣ መጥቼ ምን ልሥራ?» ስለ ሃካቶናችን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፊታችን ቅዳሜና እሁድ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ባለው ወጣት ማዕከል እንሰበሰባለን። የምርምር ሃካቶን ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ እንደ ጉግልና ቢንግ ያሉ የመፈለጊያ ሞተሮች የተለያየ ዓይነት ሰውን እንዴት ያገለግላሉ? ተማሪውን፣ ባለ ሱቋን፣ አራሷን፣ ማንበብ የሚከብዳቸውን አባት፣ ዓይነ ስውሩን ማለቴ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከታክሲ ተራ እስከ ጀበና ቡና ድረስ እየዞርኩ ሰው ስጋብዝ ከረምኩ፤ ያው ያው ነገር ደጋግሞ ገጠመኝ። አንዳንዱ ቀላል ስህተት ነው። አንዳንዱ ግን መምጣት ያለበትን ሰው ከቤቱ ያስቀራል። አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«ሃካቶን? ሃክ ልታደርጉ ነው?»

አይደለም። ይህን የጠየቁኝ አንድ ጎረቤታችን ናቸው። አካውንቱ ተሰብሮ ብሩ የተወሰደበት ዘመድ ስላላቸው ደንግጠዋል። «ጋሼ፣ የማንንም አካውንት አንነካም» አልኳቸው። ቃሉ ሃክንና ማራቶንን አገናኝቶ የተሠራ ነው። እዚህ ላይ ሃክ ማለት ሰብሮ መግባት ሳይሆን በብልሃትና በጥድፊያ መሥራት ነው። በ1999 ኦፕንቢኤስዲ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩ ሰዎች ካናዳ፣ ካልጋሪ ላይ ተሰብስበው ሲሠሩ ስብሰባቸውን በዚህ ስም ጠሩት።

«ኮድ የማይጽፍ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም አጥብቀን የምንፈልገው ኮድ የማይጽፈውን ሰው ነው።

አንድ መፈለጊያ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው የሚባለው በምንድን ነው? መንገዱ የቆየ ነው። በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር፣ ክራንፊልድ ውስጥ፣ ሲሪል ክሌቨርደን የሚባል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር 1400 ጽሑፎችና 225 ጥያቄዎች አዘጋጀ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የትኛው ጽሑፍ መልስ እንደሚሆን ሰው ፈረደ። ከዚያ ወዲያ አዲስ የፍለጋ ዘዴ ሲመጣ በዚያ ፍርድ ይለካል፦ ካመጣው ውስጥ ስንቱ ይጠቅማል? ከሚጠቅመው ሁሉስ ስንቱን አመጣ? ከ1992 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ የሚካሄደው ትሬክ የሚባለው መርሐ ግብር ይህንኑ መንገድ አሰፋው። በእኛም ቋንቋ ተሠርቷል፤ በ2020 ይፋ የሆነ አንድ የአማርኛ የፍለጋ መለኪያ ስብስብ 12,583 ሰነዶችና 240 ጥያቄዎች አሉት።

በሁሉም ውስጥ ዳኛው ሰው ነው። እንግዲህ ጥያቄውን የሚያወጣውም የሚፈርደውም የዩኒቨርሲቲ ሰው ብቻ ከሆነ፣ የተለካው ለዩኒቨርሲቲ ሰው መጥቀሙ ነው። ባለፈው ሳምንት ሙከራ ስናደርግ አንዲት አራስ ጎረቤቴ ልጇን አዝላ መጣች። ጥያቄዋ ይሄ ነበር፦ «የልጄ ክትባት ቀኑ አንድ ወር አለፈው፣ እንደ አዲስ ይጀመራል?» ከእኛ ከኮምፒውተር ሰዎቹ አንዳችንም ይህን አላሰብንም ነበር። ፈለግን። ከላይ የመጡት እንግሊዝኛ ናቸው፤ እሷ እንግሊዝኛ አታነብም። ከታች አንድ የአማርኛ ገጽ አገኘን፤ የክትባትን ጥቅም በደንብ ያብራራል። እኔ ብሆን «ይጠቅማል» ብዬ ምልክት አደርግበት ነበር። እሷ አንብባ ጨረሰችና «ቀን ያለፈበት ምን ያድርግ የሚል የለም» ብላ መለሰችልኝ። ልክ ናት። እንዲህ ያለ ፍርድ ከእሷ እንጂ ከእኔ ላፕቶፕ አይወጣም።

«በአማርኛ ፈልጌ ካጣሁ፣ በአማርኛ የተጻፈ የለም»

ጽሑፉ በእርግጥ የማይኖርበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን አለ፤ የማይገናኘው የእኛ አጻጻፍና የጸሐፊው አጻጻፍ ነው። ፀሐይን ውሰዱ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ። ለእኛ አንድ ናት፤ ለኮምፒውተር ግን ማንም ካልነገረው በቀር አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ስለሚለያይ፣ የአማርኛ ፍለጋ የሚሠሩ ሰዎች አስቀድመው ወደ አንድ ፊደል ያመጧቸዋል። ይሄ ግን የሚያሳጣን ነገርም አለ። ሠዐለ ሥዕል ነው፣ ሰአለ ልመና ነው፤ ሲዋሃዱ ልዩነቱ ይጠፋል። እኔ በበኩሌ ሰው ፈልጎ ከሚያጣ ይዋሃዱ ባይ ነኝ፤ ግዕዝ የሚያጠና ጓደኛዬ ግን አይስማማም፣ እሱም እሁድ ይመጣል።

ከፊደሉ የሚከብደው የቃሉ እርባታ ነው። እናትየዋ «ልጄን የት ላስከትብ» ብላ ትጽፋለች። ገጹ ላይ ያለው «የክትባት አገልግሎት» ነው። ላስከትብ፣ ክትባት፣ ያልተከተቡ፣ በክትባቱ፤ ሁሉም ከክ፣ ት፣ ብ ይወለዳሉ፤ ፊትም ኋላም መሀልም ይለወጣሉ። ከቃሉ መጨረሻ ሁለት ፊደል ቆርጦ መጣል አይበቃም። በዚህ ላይ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፈው ወጣት አለ፤ እሱም እንደ ሰማው፣ እንደ መጣለት ነው የሚጽፈው። የትኛው መፈለጊያ የትኛውን አጻጻፍ ከየትኛው ጋር እንደሚያገናኝ ቅዳሜ እየሞከርን በሰንጠረዥ እናሰፍራለን።

«መጀመሪያ የመጣው ትክክለኛው ነው»

በ2005 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ላይ የጉግልን ውጤት የጥናቱ ተሳታፊዎች ሳያውቁ ከታች ወደ ላይ ገልብጠው አሳይተዋቸው ነበር። ሰዎቹ ያኔም ቢሆን ላይኛውን መጫን አልተዉም። ስለዚህ ብዙ ሰው ተጫነው ማለት ብዙ ሰው ጠቀመው ማለት አይደለም። እኛም በዚህ ምክንያት ውጤቶቹን በወረቀት አትመን፣ ቀላቅለን፣ ተራ ቁጥር ሳንሰጥ ነው ለዳኞቻችን የምናቀርበው።

«ለብዙው ሰው ከሠራ፣ ለእኔም ይሠራል»

መቶ ጥያቄ ቢጠየቅና ዘጠናው ቢመለስ ጥሩ ነው እንላለን። ያልተመለሱት አስሩ ግን በሙሉ የዓይነ ስውራን ወይም በሙሉ የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ቢሆኑስ? አማካዩ ይህን አይናገርም። የተለያየ ሰው እንጋብዝ ያልነው፣ ውጤቱንም ለየቡድኑ ለይተን የምንቆጥረው ለዚህ ነው።

የእኛኑ ሰፈር ስም ፈልጉ። ቱሉ ዲምቱ ኦሮምኛ ነው፣ ቀይ ኮረብታ ማለት። እኔ የምፈልገው እዚህ የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበትን ሰፈር ነው። ባሌ ውስጥ ደግሞ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የባሌ ተራሮች ትልቁ ጫፍ ስሙ ያው ቱሉ ዲምቱ ነው። ፋርማሲ ለሚፈልግ ሰው ተራራው ምን ያደርግለታል? ስሙ በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ አናባቢዎቹ ይደረባሉ፤ በአማርኛ ያ አይታይም። አጠገባችን ያለውን ሰፈር፣ ኮዬ ፈጬን፣ ቆዬ ፈጬ ብሎ የሚጽፍም አለ።

ሰዓቱም አለ። ገጹ ላይ 8:00 ይከፈታል ይላል። የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ይሄዳል። መፈለጊያው ገጹን በትክክል አምጥቷል፤ ሰውየው ግን ወረፋው አልፎበታል።

ዓይነ ስውር ወንድሞቻችን ኤንቪዲኤ የሚባለውን ነፃ የስክሪን ማንበቢያ ይዘው ይመጣሉ፤ ውጤቱን በጆሮ እየሰሙ ይፈርዳሉ። በዓይን አንድ ጊዜ ገረፍ አድርጌ የማልፈውን ዝርዝር እነሱ አንድ በአንድ መስማት አለባቸው። አሥረኛ ላይ ያለ መልስ ለእኔና ለእነሱ እኩል ሩቅ አይደለም።

«ስሜ ካልተጻፈ ማንም አያውቀኝም»

እዚህ ላይ እንድትጠነቀቁ እለምናለሁ። በ2006 ኤኦኤል የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ለምርምር ብሎ የ650,000 ያህል ተጠቃሚዎችን 20 ሚሊዮን ያህል ፍለጋዎች ይፋ አደረገ። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ጋዜጠኞች ግን ጥያቄዎቹን ተከትለው አንዲትን ሴት ቤቷ ድረስ ሄደው አገኟት። ሰው የሰፈሩን ስም፣ የቤተሰቡን ስም፣ ሕመሙን ይፈልጋል፤ ያ ሲደማመር ራሱ ስም ነው። ስለዚህ የማንንም ስልክ ታሪክ አንወስድም። እናንተም አትስጡን። የምንቀበለው ሰው ፈቅዶ፣ አስቦ፣ በወረቀት የጻፈልንን ጥያቄ ብቻ ነው።

«በሁለት ቀን የኢትዮጵያን ጉግል ልትሠሩ ነው?»

አንሠራም። እሁድ ማታ በእጃችን የሚኖረው የጥያቄዎች ደብተር፣ የፍርድ ወረቀቶችና የትኛው መፈለጊያ ለማን እንዳልሠራ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። መብራት ቢጠፋም ደብተሩ ይጻፋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአራሷ ጎረቤቴ ጥያቄ በራሷ እጅ ተጽፏል። እሷ መልሱን ጤና ጣቢያ ሄዳ አገኘችው፦ እንደ አዲስ አይጀመርም፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት መጀመሪያ የምንፈልገው ይህንን በአማርኛ የሚል ገጽ ነው።