አርኤፍሲ፦ ኢንተርኔት የቆመባቸው ሰነዶች እንዴት ይጻፋሉ?

በ2015 ቁጥሩ 7529 የሆነ አንድ አርኤፍሲ የሚባል ሰነድ ወጣ። (ለይቼ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ሰነዱ የሚያወራው ስለ ዲጂታል ካላንደር ነው። ስልካችንን «በየወሩ አስታውሰኝ» ስንለው ቀጠሮውን የሚደጋግምበት ደንብ ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነበር። ይህ ሰነድ ለሌሎችም በር ከፈተ። ከምሳሌዎቹ አንዱ ደግሞ የኛው ነው። የአሥራ ሦስተኛው ወር የመጀመሪያ ቀን፣ በየዓመቱ የሚመለስ ቀጠሮ ሆኖ ተጽፏል። መነሻው ሴፕቴምበር 6 ቀን 2013 ነው። በኛ ሲቆጠር ጳጉሜ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት፣ ልክ ነው።

ጳጉሜን እዚያ ማግኘቴ አስደስቶኛል። ከዚያ በላይ ግን የሳበኝ እንዲህ ዓይነት ሰነድ የሚጻፍበትና የሚቀርብበት መንገድ ነው።

አርኤፍሲ «ሪኩዌስት ፎር ኮሜንትስ» የሚለው እንግሊዝኛ ሲያጥር ነው። በአማርኛ «አስተያየት ይሰጥበት» ብንለው ይቀርበዋል። ኢሜይል እንዴት እንደሚላክ፣ ድረ ገጽ እንዴት እንደሚከፈት፣ የአንዱ ኔትወርክ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚግባባ የሚደነግጉት በአብዛኛው እነዚህ ሰነዶች ናቸው። እስካሁን ከ9,000 በላይ ወጥተዋል። ሁሉም በነፃ ይነበባሉ። ረቂቅ ማቅረብም ለማንም ክፍት ነው። የአባልነት ክፍያ የለም፣ ዲግሪ አይጠየቅም፣ ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ የሚል የለም።

ነገሩ የተጀመረው በተማሪዎች ነው። በ1969 ስቲቭ ክሮከር በሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ የድህረ ምረቃ ተማሪ ነበር። አርፓኔት የሚባለው ኔትወርክ ሊዘረጋ ነው። መጀመሪያ የሚገናኙት ጣቢያዎች አራት ነበሩ፦ ዩሲኤልኤ፣ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ በሳንታ ባርባራ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እና የዩታ ዩኒቨርሲቲ። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩ እንዲያስቡበት የተተወው በአብዛኛው ለወጣቶች ነበር። ወጣቶቹ ደግሞ «ማን ፈቀደላችሁ?» የሚል ሰው ይመጣብናል ብለው ይሰጉ ነበር። ክሮከር ማስታወሻዎቹን «አስተያየት ይሰጥበት» ብሎ የሰየማቸው ትእዛዝ እንዳይመስሉ ነው። ሰው ቤት አድሮ ነበርና የተኙትን እንዳይረብሽ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ገብቶ እንደጻፈ ራሱ ተናግሯል። የመጀመሪያው ሰነድ ኤፕሪል 7 ቀን 1969 ወጣ። በአርፓኔት ላይ የመጀመሪያው መልእክት የተላከው ግን በዚያው ዓመት ኦክቶበር 29 ነው። ሰነዱ ኔትወርኩን ቀደመ ማለት ነው። ስለዚህ ቅጂው የሚላከው በፖስታ ነበር።

በዚያው ኤፕሪል ወር የወጣው ሦስተኛው ሰነድ እንዴት ይጻፍ ለሚለው መልስ ይሰጣል። ማስታወሻው ከሚያምር ይልቅ ቶሎ ቢደርስ ይሻላል ይላል። ጥያቄ ብቻ ጽፎ መልሱን መተው ይቻላል። ምሳሌ የሌለው ሐሳብም ይቻላል። ትንሹ ርዝመት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህንን ባነበብኩ ቁጥር ለጀማሪ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም እላለሁ። ብዙዎቻችን የምናውቀውን ሳንጽፍ የምንቀረው «ገና አልበሰለም» እያልን ነው። እነዚያ ልጆች ያልበሰለውን አውጥተው አንድ ላይ አበሰሉት።

ከዚያ በኋላ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ የሰነዶቹ አርታኢ ጆን ፖስትል ነበር። ቁጥር ይሰጣል፣ ያርማል፣ አይሆንም ያለውን ይመልሳል። የኢንተርኔት መሠረት የሆኑትን፣ መረጃ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚጓዝ የሚደነግጉትን የ1981ዱን የአይፒና የቲሲፒ ሰነዶች ያዘጋጀውም እሱ ነው። ኦክቶበር 16 ቀን 1998 ሲያርፍ ወዳጁ ቪንት ሰርፍ የጻፈው የስንብት ጽሑፍ ራሱ አርኤፍሲ ሆኖ ወጣ፤ ቁጥሩ 2468 ነው። ለአርታኢ የተሰጠ ከዚህ የበለጠ ክብር አላውቅም።

ዛሬ አሠራሩ ጠበቅ ብሏል። ሥራውን በዋናነት የሚመራው በ1986 የተመሠረተው አይኢቲኤፍ የሚባል የኢንጂነሮች ስብስብ ነው። አንድ ሰው ሐሳብ ካለው መጀመሪያ ረቂቅ ይጽፋል። ረቂቁን ዳታትራከር በሚባለው ሥርዓት ላይ ይጭናል። የፋይሉ ስም ራሱ ወግ አለው፦ «ድራፍት» ብሎ ይጀምራል፣ የጸሐፊው መጠሪያ ይከተላል፣ ርዕሱ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ 00 ይደረጋል። ሲሻሻል 01፣ 02 እያለ ይሄዳል። መጠሪያ ሲባል የፈረንጅ የቤተሰብ ስም ነው። ጸሐፊው ሐበሻ ከሆነ ፋይሉ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የአባቱ ስም ይሆናል፣ ሰነዱ ፊት ላይ ደግሞ የራሱ ስም ወደ አንዲት ፊደል ታጥራለች።

ረቂቅ ዕድሜው ስድስት ወር ነው። ካልታደሰ ጊዜው ያልፍበታል። በየዓመቱ ብዙ ረቂቅ እንዲህ ይቀራል። ይህ ክፉ ነገር አይመስለኝም። ሐሳቡን የሚሻው ሰው ከጠፋ በጸጥታ ይተኛል፣ ቆይቶ የሚሻው ከተገኘ ደግሞ ይነሣል።

ዕድለኛው ረቂቅ የሥራ ቡድን ይቀበለዋል። ከዚያ ወዲያ ጽሑፉ የጸሐፊው ብቻ መሆኑ ያበቃል። ቡድኑ «ይህ ይውጣ» ካለ ጸሐፊው ባይወደውም ያወጣል። ክርክሩ በአብዛኛው በጽሑፍ ነው፣ ሁሉም ሰው ሊያየው በሚችል ቦታ። በዓመት ሦስት ጊዜ በአካል ይገናኛሉ። እዚያም ቢሆን ድምፅ አይቆጠርም። በ1992 ዴቪድ ክላርክ የሚባል የኤምአይቲ ሳይንቲስት የተናገረውን ዛሬም ይጠቅሱታል፦ ነገሥታትን፣ ፕሬዚዳንቶችንና ድምፅ አሰጣጥን አንቀበልም፣ የምናምነው በአመዛኙ ስምምነትና በሚሠራ ኮድ ነው። የቤቱን ስሜት ለመለካት አፍ ገጥሞ «እምም» የማለት ልማድ አላቸው። ሰብሳቢው «በዚህ የሚስማማ» ይላል፣ አዳራሹ ያጉረመርማል። «የማይስማማ» ይላል፣ ሌላ ድምፅ ይወጣል። የኋለኛው ትንሽ ቢሆንም ችላ አይባልም። የተቃወመው ሰው ምክንያቱን ይጠየቃል። አንድ ሰው ብቻውን እውነተኛ ችግር ካሳየ፣ መቶ ሰው መስማማቱ ችግሩን አያጠፋውም። ከሥርዓቱ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

ቡድኑ ከጨረሰ በኋላ የመጨረሻ ጥሪ የሚባል አለ። ለሁለት ሳምንት ማንም ሰው፣ የቡድኑ አባል ያልሆነም ጭምር፣ አስተያየት ይሰጣል። ከዚያ የየዘርፉ ኃላፊዎች ያዩታል። ከእነሱ አንዱ «ዲስከስ» ብሎ ምልክት ካደረገ ጉዳዩ እስኪፈታ ሰነዱ ይቆማል። በመጨረሻ ወደ አርታኢዎቹ ይሄዳል። እነሱ ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ያዩና ለጸሐፊዎቹ ይመልሱታል። ይህ ደረጃ «ኦት48» ይባላል፣ ስሙን ያገኘው ከ48 ሰዓት ነው። ጸሐፊዎቹ በሁለት ቀን አይተው እንዲያጸድቁ ታስቦ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ግን ሳምንታት ይፈጃል። በመደበኛው አሠራር ሁሉም ጸሐፊ እሺ ካላለ አይወጣም።

አሁን ወደ አጻጻፉ ልምጣ። እዚህ ሰምና ወርቅ አይሠራም። አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ እንዲኖረው ብዙ ይለፋል። በ1997 ስኮት ብራድነር ያዘጋጀው ቁጥር 2119 ለዚህ የተጻፈ አጭር ሰነድ ነው። «ማስት» ማለት ግዴታ ነው። «ሹድ» ማለት በቂ ምክንያት ከሌለህ አድርገው፣ ከተውከው ግን የሚከተለውን እወቅ ማለት ነው። «ሜይ» ማለት እንደ ፍላጎትህ ነው። በ2017 የወጣ ማሻሻያ እነዚህ ቃላት ይህ ልዩ ትርጉም የሚኖራቸው በትልልቁ የላቲን ፊደል ሲጻፉ ብቻ ነው አለ። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። በአማርኛ እንዲህ ያለ ሰነድ ብንጽፍ ልዩነቱን የሚሸከመው ግሱ ነው፦ «ማድረግ አለበት»፣ «ቢያደርግ ይመረጣል»፣ «ማድረግ ይችላል»። በየቢሯችን የምንጽፈው የቴክኒክ መመሪያ ይህችን ሦስት ደረጃ ብትጠብቅ ስንት ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ሌላው ግዴታ የደህንነት ክፍል ነው። ጸሐፊው ሐሳቡ እንዴት ሊጠቃ እንደሚችል ራሱ መጻፍ አለበት። በድሮዎቹ ሰነዶች ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ «የደህንነት ጉዳይ እዚህ አልተነሣም» በምትል አንዲት መስመር ይታለፍ ነበር። አሁን እንዲህ ብሎ ማለፍ አይቻልም። የገዛ ሥራን ድክመት ፊት ለፊት መዘርዘር ቀላል አይደለም፣ ግን አንባቢ ጸሐፊውን ማመን የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

ሁሉም ሰነድ ሕግ ነው ማለት አይደለም። ለመረጃ ብቻ የሚወጡ አሉ፣ ለሙከራ የሚወጡ አሉ። ለኤፕሪል 1 የሚጻፍ ጨዋታም አለ። በ1990 የወጣው የኢንተርኔት መልእክትን በእርግብ ስለመላክ ነው። በ2001 በኖርዌይ በርገን ከተማ ያሉ ሰዎች በእውነተኛ እርግቦች ሞከሩት። ዘጠኝ መልእክት ተላከ፣ ለአራቱ መልስ ተመለሰ።

አንዴ የወጣ ሰነድ ይዘቱ አይነካም። ስህተት ከተገኘበት ዕርማቱ ለብቻው ይመዘገባል። ሐሳቡ ከተለወጠ አዲስ ቁጥር ያለው አዲስ ሰነድ ይጻፍና አሮጌውን ይሽረዋል። የ1981ዱ የቲሲፒ ሰነድ ሙሉ በሙሉ የተተካው በ2022 ነው፣ ከ41 ዓመት በኋላ። አሮጌው ግን አልጠፋም፣ ዛሬም ከፍቶ ማንበብ ይቻላል።

አሁን ይህን ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል የምታነቡት በእነዚህ ሰነዶች ምክንያትም ነው። በ1998 የወጣው ቁጥር 2277 ፕሮቶኮሎች (ኮምፒውተሮች የሚግባቡባቸው ደንቦች) ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል አጻጻፍ ማስተናገድ መቻል አለባቸው ሲል ደነገገ። በቀጣዩ ዓመት የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ፣ በዩኒኮድ 3.0 ገባ። ሁለቱ ሲገናኙ መንገዱ ተከፈተ። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዷ መደበኛ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ትወስዳለች። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፣ ስለዚህ ዘጠኝ ባይት ሆኖ ይጓዛል። ኢሜይል አድራሻን በራሳችን ፊደል መጻፍ የሚያስችሉት ደንቦች ደግሞ በ2012 ወጥተዋል። የሚያሳዝነው ሰነዶቹ ራሳቸው ለአሥርት ዓመታት ከእንግሊዝኛው መሠረታዊ ፊደል ውጭ ምንም አለመቀበላቸው ነው። በ2016 ይህ ላላ። አሁን ጸሐፊ ስሙን በፊደሉ ከላቲኑ ጎን ማስቀመጥ ይችላል።

ቋንቋው ግን አሁንም እንግሊዝኛ ነው። ለኛ ትልቁ እንቅፋት እሱ ይመስለኛል። ኮድ መጻፍ የሚችል ልጅ እንግሊዝኛው ሲከብደው ዝም ይላል። ሆኖም መግቢያው ረቂቅ መጻፍ ብቻ አይደለም። የወጣ ሰነድ ላይ ስህተት አይቶ ማመልከት ይቻላል፣ ለዚያ ሁለት መስመር ይበቃል። የሌላ ሰው ረቂቅ አንብቦ «ይህ አንቀጽ አልገባኝም» ማለትም ሥራ ነው። አንድ አንባቢ ያልገባው አንቀጽ ነገ ሁለት ፕሮግራመሮችን በሁለት መንገድ ያስኬዳቸዋል።

የዚህ አጻጻፍ መለኪያ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊውን አይቶት የማያውቅ፣ ሊጠይቀውም የማይችል ሰው ወረቀቱን ብቻ ይዞ ነገሩን መሥራት መቻል አለበት። ይህን በራሴ ልፈትነው ብዬ ወደ 7529 ተመለስኩ። ምሳሌው የጳጉሜን መጀመሪያ ነው የያዘው። እኔ የፈለግሁት መጨረሻዋን ነው፣ የእንቁጣጣሽን ዋዜማ። እሷ ደግሞ አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት ናት። ከሱ በፊት በ2009 የወጣው የካላንደር ሰነድ ቀንን ከወሩ መጨረሻ ወደ ኋላ መቁጠር ይፈቅዳል። ሁለቱን አንብቤ «የአሥራ ሦስተኛው ወር የመጨረሻ ቀን» የሚል ደንብ ጻፍኩ፣ ቀኖቹን የምታወጣ ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁ። ለ2014 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 10 አለችኝ። ለ2015 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 አለች፣ ጳጉሜ 6።