ዶር ክሎዘር፦ አሠራሩና አስተካከሉ

ዶር ክሎዘር የተከፈተ በር ሰው ሳይነካው ቀስ ብሎ እንዲዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። በባንክ፣ በሆስፒታልና በቢሮ በሮች አናት ላይ የሚታየው ረዘም ያለ የብረት ሳጥን፣ እንደ ክርን ከሚታጠፍ ክንዱ ጋር፣ እሱ ነው። ወለል ውስጥ የሚቀበርም አለ፤ እሱ በብዛት ለከባድ የመስታወት በር ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ሞላ፣ ፒስተንና ዘይት አለ። በሩ ሲከፈት ክንዱ ጥርሳም ዘንግ አዙሮ ፒስተኑን ይገፋል፤ ሞላውም ይጨመቃል። እጅ ሲለቀው ሞላው ፒስተኑን ይመልሳል፤ ዘይቱ ግን በጠባብ ቀዳዳ ማለፍ ስላለበት በሩ አይወረወርም። ጉልበቱ ከሞላው፣ ፍጥነቱ ከዘይቱ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል፦ በሩ ሲጋጭበት ሞላውን ያላላል፣ በማግሥቱ በሩ ገርበብ ብሎ ያድራል።

ፍጥነቱ የሚስተካከለው ሳጥኑ ላይ ባሉት ትንንሽ ብሎኖች ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንደኛው የመዝጊያውን ረጅሙን መንገድ፣ ሁለተኛው የመጨረሻዎቹን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይቆጣጠራል። የቁልፉ ምላስ ከመቃኑ ጉድጓድ የሚገባው በዚህች መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ በሩ መቆለፍ ሲያቅተው ፈጠን የሚደረገው ሁለተኛው ነው። ብሎኑ ወደ ቀኝ ሲዞር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጨምራል። የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ማዞር፣ በሩን ሁለት ሦስቴ ከፍቶ ማየት፣ ከዚያ እንደገና፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብሎኑ እስኪወጣ ከተፈታ ዘይቱ ይፈስሳል። ሦስተኛ ብሎን ካለ፣ የተገፋው በር ግድግዳ እንዳይመታ መክፈቻው መጨረሻ ላይ የሚያከብደው ነው።

ለፍጥነቱ መለኪያ የሚሆን ቁጥር ከአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ደረጃ ይገኛል፦ በሩ ከ90 ዲግሪ ወደ 12 ዲግሪ ለመድረስ ቢያንስ 5 ሰከንድ ይውሰድ ይላል። በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚያልፍ ሰው 5 ሰከንድ ብዙ አይደለም።

የአውሮፓው ደረጃ፣ ኢኤን 1154፣ የሞላውን ጉልበት ከ1 እስከ 7 ይመድባል፤ 3 ቁጥር 95 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 60 ኪሎ ክብደት ላለው በር ነው። መጠኑ ካልገጠመ ብሎን ማዞር ብዙም አይረዳም።

ከሁሉ በፊት ግን ክንዱን ነቅሎ በሩን በእጅ መሞከር ይበጃል። ወለሉን እየፋቀ ወይም ማጠፊያው ረግቦ የሚሄድ በር ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ስሙ የሚጠፋው ግን ክሎዘሩ ነው። ብርድም አለ፦ ዘይቱ ሲወፍር በሩ ጠዋት ጠዋት ይጎተታል።

ሳጥኑ ዘይት ካንጠባጠበ ግን የውስጡ መግቻ ጎማ አልቋል፤ ክሎዘሩን መቀየር ነው።