ደም ያስታውሳል፦ የቫይረስን ስርጭት በአንቲቦዲ መለካት በአዲስ አበባ

አንድ ቫይረስ በከተማ ውስጥ ስንት ሰው እንደያዘ ለማወቅ ሆስፒታል የመጣውን መቁጠር አይበቃም። ብዙው ሰው ጉንፋን መስሎት ዝንጅብሉን ጠጥቶ ቤቱ ይድናል። አንዳንዱ ጭራሽ አይታወቀውም። ደሙ ግን ያስታውሳል። ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራቸው አንቲቦዲዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣሉ፤ ለወራትም ይቆያሉ። ከሕዝቡ ናሙና ወስዶ እነሱን መፈለግ የአንቲቦዲ ዳሰሳ ይባላል። ከአፍንጫ በጥጥ ተወስዶ የሚሠራው ፒሲአር «አሁን አለብህ ወይ?» ነው የሚለው። ይሄኛው «ይዞህ ያውቃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ለአዲስ አበባ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ኤችአይቪም በአብዛኛው የሚመረመረው በአንቲቦዲ ነው። ለክትትል የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ደም ለዓመታት የስርጭቱ መለኪያ ነበር። በኢትዮጵያ የቫይረሱ ቀዳሚ ምልክት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 በተቀዳ ደም ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው የኤድስ ታማሚ ሪፖርት የተደረገው ግን በ1986 ነው።

በኮቪድ ጊዜ በጳውሎስ ሆስፒታል ሠራተኞች ላይ የተሠራው ጥናት አስደንጋጭ ነበር። አንቲቦዲ የተገኘበት ሠራተኛ በ2012 ክረምት 10.9 በመቶ የነበረው፣ በ2013 የካቲት ገደማ 53.7 በመቶ ደረሰ። ሐኪምና ነርስ ግን ከተማውን አይወክሉም። ስታዲየም አጠገብ ደም ባንክ ሄዶ የሚለግሰውም ጤነኛና አዋቂ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት ለቤት መዞር ይመጣል።

እኔ ብጠየቅ፣ ከማሽኑ ይልቅ የምጨነቀው በር ለሚያንኳኳው ሰው ነው። «ቤቶች!» ብሎ አንድ ግቢ ሲገባ፣ አንድ ቧንቧ የሚጋሩ አምስት ስድስት አባወራዎች ያገኛል። ማንን ይምረጥ? ዕጣ ነው መፍትሔው። በቀን ከሄደ ደግሞ ሹፌሩም ረዳቱም መርካቶ የሚውለውም የለም። እነሱ ናቸው ከሰው ጋር ተጋፍተው የሚውሉት፤ ማታ ወይም እሁድ ተመልሶ መምጣት አለበት። አሁን ፒያሳ አካባቢ ብዙ ሰፈር ስለፈረሰ፣ የድሮ የቤት ዝርዝር ይዞ መውጣትም አያዋጣም።

ቀጥሎ ስሌቱ አለ። ከ1,000 ሰው 10 ብቻ ተይዘው ነበር እንበል። መሣሪያው ካልተያዙት ከ100 ሰው 2ቱን በስህተት «ፖዘቲቭ» ቢል፣ ከቀሩት 990 ሰዎች 20 ያህሉ ያለአግባብ ይቆጠራሉ። ከእውነተኞቹ እጥፍ ማለት ነው! ይህ ሳይታረም የወጣ ቁጥር ሰው ያሳስታል።

የኮቪድ ክትባት በመጋቢት 2013 ከገባ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ተወሳስቧል። አስትራዜኔካ የተባለው ክትባት የሚያስወጣው አንቲቦዲ የቫይረሱን እሾህ፣ ማለትም ከላዩ ላይ ሾሎ የወጣውን ፕሮቲን፣ ብቻ የሚያውቅ ነው። ስለዚህ የውስጡን ፕሮቲን የሚያውቅ አንቲቦዲ ከተገኘ ሰውየው ታሞ ነበር ማለት ይቻላል። ሲኖፋርም የተባለው ክትባት ግን ሙሉውን የሞተ ቫይረስ ስለሚይዝ፣ እሱን የተከተበ ሰው ሳይታመምም ሁለቱንም ዓይነት አንቲቦዲ ሊያወጣ ይችላል። እዚያ ላይ የክትባት ካርዱን መጠየቅ ነው።